ፈረቃውን ሙሉ ያልተነቃነቀው 72.5

በዚህ ወር ከባሕር ዳርና ከዙሪያዋ ፋብሪካዎች የደረሱኝ ደብዳቤዎች እንደተማከሩ ሁሉ ስለ ሴንሰር ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። የፋብሪካ ስም የጠቀሳችሁትንም አውጥቼዋለሁ፤ ከእንጀራችሁ ላጣላችሁ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምሠራው ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ነው። የፓስቸራይዘሩ ሙቀት ስክሪኑ ላይ 72.5 ይላል። ፈረቃ ስረከብ 72.5፣ ሳስረክብም 72.5። ኃላፊዬ «ማሽኑ ተረጋግቶልን ነው፣ ምን ይቆረቁርሻል?» ይለኛል። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ልክ ነኝ ወይስ ነገር እያበዛሁ ነው?
(የጥራት ቁጥጥር ሠራተኛ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ልክ ነሽ እታለም፤ ነገርም አላበዛሽ።

እንፋሎት እያሞቀው፣ ፓምፕ እየገፋው በቧንቧ የሚሄድ ወተት ሙቀቱ አንድ ቁጥር ላይ ተቸክሎ አይውልም። የእንፋሎቱ ቫልቭ ሲከፈት ትንሽ ከፍ፣ ሲዘጋ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ታንክ ሲቀየር ደግሞ ጎላ ብሎ ይወርድና ይመለሳል። ጤነኛ መስመር 72.3፣ 72.6፣ 72.4 እያለ ነው የሚውለው። ፈረቃውን ሙሉ 72.5 ካለ ወይ ሴንሰሩ ወይ ከሴንሰሩ እስከ ስክሪኑ ካለው መንገድ አንዱ ቦታ ሥራ አቁሟል ብለሽ ተነሺ። ካልሆነ ደግሞ አለመሆኑ ይረጋገጥ፤ ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው።

ሽቦ ተበጥሶ ስክሪኑ 850 ዲግሪ ቢል ማንም አይሸወድም፤ በር ላይ ያለው ጥበቃም «ኧረ ምን ሆነ?» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁላችንም ልንሰማው የምንፈልገውን ቁጥር ይዞ የሚሞተው ነው። በእንግሊዝ አገር በንስፊልድ በሚባል የነዳጅ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2005 ታኅሣሥ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ቤንዚን እየተሞላ የነበረ አንድ ታንክ መጠን መለኪያው ሌሊት ላይ ሁለት ሦስተኛ ገደማ እንዳለ ቀጥ አለ። ቤንዚኑ ግን መግባቱን አላቆመም። ታንኩ ከልክ በላይ ሲሞላ ይዘጋል የተባለው ሁለተኛው ስዊችም ሳይሠራ ቀረ። ሞልቶ ፈሰሰ፤ ተኑ ሲነጋጋ ተቀጣጠለ፤ ከ40 በላይ ሰው ተጎዳ። ስክሪኑ ላይ የነበረው ቁጥር ማንንም የሚያስደነግጥ አልነበረም። ችግሩም እሱ ነበር።

አሁን ወደ አንቺ። መጀመሪያ ወተቱ። በፍጥነት የሚሞቅ ወተት 72 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 15 ሰከንድ መቆየት እንዳለበት ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ሴንሰሩ እስኪጣራ ድረስ የወጣውን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የፎስፋታዝ ምርመራም አድርጊበት። ያ ኢንዛይም በደንብ ፓስቸራይዝ ከሆነ ወተት ውስጥ ይጠፋልና፣ ምርመራው ስክሪኑን ሳይጠይቅ እውነቱን ይነግርሻል። ኃላፊሽ ካጉረመረመ የምርመራውን ወረቀት ፊቱ አስቀምጪለት፤ ከወረቀት ጋር ሰው ብዙ አይከራከርም።

ከዚያ ቴክኒሻኑ መልቲሜትሩን ይዞ ይምጣ። የትራንስሚተሩ (የሴንሰሩን ንባብ ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር አድርጎ በሽቦ የሚልከው) ክልል ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ከሆነ፣ 72.5 ማለት በሽቦው ላይ 15.6 ሚሊ አምፔር ማለት ነው (4 ሲደመር የ16 72.5 ከመቶ)። መስመሩ ቆሞ ሴንሰሩ ከኪሱ ወጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከር። ሚሊ አምፔሩ ሲወርድ ስክሪኑ 72.5 ላይ ከቀረ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ከፒኤልሲው (መስመሩን ከሚያዘው ኮምፒውተር) ወዲህ ነው። የፒኤልሲው መቀበያ ካርድ ግንኙነት ሲጠፋበት የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ እንዲቆይ ተስተካክሎ ይሆናል። ወይም ሌሊት መስመሩ እየቆመ ያስቸገረው ሰው ቁጥሩን ፒኤልሲው ውስጥ ፎርስ አድርጎት (በእጁ አስገድዶ አስሮት)፣ ጠዋት ሳይመልሰው ወደ ቤቱ ሄዷል። እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም አትበሉኝ። ይደረጋል።

ሚሊ አምፔሩም ካልተነቃነቀ ሴንሰሩ ይፈታና በቦታው ሬዚስታንስ ይግባ። ለፒቲ100 (ሙቀት ሲጨምር ሬዚስታንሱ ለሚጨምር ሴንሰር)፣ 128 ኦም ሲገባ 72.5 ገደማ፣ 110 ኦም ሲገባ 26 ገደማ ማንበብ አለበት። በዚህ ከተንቀሳቀሰ የሞተው ሴንሰሩ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ትራንስሚተሩ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ለወተት ሰው ይጠቅማል። ፒቲ100 በአንድ ዲግሪ የሚጨምረው 0.385 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ሴንሰሩ በሁለት ሽቦ ብቻ ታስሮ ከሆነ፣ ማሰሪያው ሲዝግ የምትጨመረው አንድ ኦም ስክሪኑ ላይ 2.6 ዲግሪ ትሆናለች። ወተቱ 70 ሳይደርስ ስክሪኑ 72.5 ይላል ማለት ነው። በክረምት እርጥበት የሴንሰሩ ጭንቅላት (ሽቦው የሚታሰርበት ክፍል) ውስጥ ሲገባ ደግሞ በተቃራኒው ዝቅ አድርጎ ያነባል፤ ያኛው የሚያባክነው እንፋሎት ነው፣ ሰው አያሳምምም። ይህ ዓይነቱ ቀስ ብሎ የሚያጋድል ሴንሰር አይቆምም፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጤነኛ ይመስላል። የሚያጋልጠው ጎኑ የሚቀመጥ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ሦስት ሽቦ ያለው ይታሰር፤ በየሳምንቱም የሁለቱ ልዩነት ይጻፍ። ልዩነቱ ከሳምንት ሳምንት ወደ አንድ አቅጣጫ እያደገ ከሄደ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ዝም አትበሉት።

ለቆመው ቁጥር ግን ፒኤልሲው ራሱ ዘብ ይቁም፦ ፓምፑ እየሠራ፣ ሙቀቱ ለ5 ደቂቃ ከ0.1 ዲግሪ በታች ከተንቀሳቀሰ ማስጠንቀቂያ ያብራ። ቁጥሮቹን ከእኔ አትውሰዱ። ደህና ከሆነ ቀን መዝገብ ላይ መስመራችሁ በተፈጥሮው ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ አይታችሁ ቁረጡ፤ አለበለዚያ በከንቱ እየጮኸ ይሰለቻችሁና አንዱ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ውሃ ነው የምናሽገው። መስመሩ በሰዓት 12,000 ጠርሙስ ያወጣል። ጠርሙስ የሚቆጥረው ፎቶሴል ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያብዳል፤ ከመጋዘኑ ቆጠራ ጋር አይገናኝም፣ ሁልጊዜ አብልጦ ነው የሚቆጥር። ከዚያ በራሱ ይድናል። ሁለት ጊዜ አዲስ ገዝተን ቀየርነው፣ ያው ነው። ክረምቱን ደህና ከርሞ ጥቅምት ላይ ተመለሰብን። መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ይሆን?
(የፈረቃ መሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ መብራቱን በሌላ ቀን እናማዋለን። ደብዳቤህ ውስጥ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ክረምት የለም፣ ጥቅምት አለ። በክረምት የሌለ፣ በጥቅምት ጠዋት ያለ፣ 3 ሰዓት ላይ ከፍ ብሎ ከበሩ የሚወጣ ምንድን ነው? ፎቶሴሉ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በር ወይም መስኮት ትይዩ እንደሆነ ሄደህ እይ። ካርቶን ቁረጥና ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ አጥላለት። ቆጠራው ከተስተካከለ ጨርሰሃል።

ሻጩ «የእኛ ፎቶሴል ፀሐይ አይነካውም» ብሎህ ይሆናል። ግማሽ እውነት ነው። ብርሃኑን እያበራ እያጠፋ ስለሚልክ ተራውን የቀን ብርሃን ለይቶ ይተወዋል። ፀሐይዋ ቀጥታ ዓይኑ ውስጥ ስትገባ ግን ተቀባዩ ይሞላበትና የራሱን ብርሃን ከእሷ መለየት ያቅተዋል። ፎቶሴሉና ሪፍሌክተሩ (ብርሃኑን የሚመልስለት) ቦታ ይለዋወጡ፤ ዓይኑ ጀርባውን ለበሩ ይስጥ። ዋጋው ሁለት ብሎን መፍታት ነው።

አብልጦ መቁጠሩ ግን ሁለተኛ ነገር ይነግረኛል። ፎቶሴሉን ያሰራችሁት የጠርሙሱ ሆድ ትይዩ ነው አይደል? ውሃ የያዘ ጠርሙስ ብርሃኑን በጠርዙ ያጣምመዋል፣ በመሃሉ ያሳልፈዋል። ፎቶሴሉ «ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ» ብሎ አንዱን ጠርሙስ ሁለት ያደርገዋል። ሌላ ጊዜ ለጥቂት ሲስት የከረመው፣ ፀሐይዋ ስትጨመር ነው ገደሉን የተሻገረ። ወደ ክዳኑ ከፍ አድርጉት። ክዳን ብርሃን አያሳልፍም፤ ጠርሙሶቹ ሆድ ለሆድ ተነካክተው ቢመጡ እንኳ በክዳኖቹ መሃል ሰፊ ክፍተት አለ።

ከዚያም በላይ ዋስትና ከፈለግህ፣ በሰዓት 12,000 ማለት በአንድ ጠርሙስ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከ20 ሚሊ ሰከንድ ያነሰች ብልጭታን አትቁጠር ብትለው አንድም ጠርሙስ አያመልጥህም። 200 ብትለው ግን ክዳኑ ራሱ ብልጭታ ይሆንበታል።

ሁለት ፎቶሴል መግዛታችሁ ግን አንጀቴን በልቶኛል። ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት አቀያይሩ። መስመሩ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ፎቶሴል ካለ ከዚህኛው ጋር ቦታ ይለዋወጡ። እብደቱ ከሴንሰሩ ጋር ከሄደ ሴንሰሩ ነው። እዚያው ከቀረ ቦታው ወይም ገመዱ ነው፤ ከዚያ ገመዱን ብቻ ቀይሩ። ይህችን ሳያደርግ የግዥ ወረቀት የሚጽፍ የጥገና ክፍል መጋዘኑን በጤነኛ «ብልሹ» ሴንሰር ይሞላል።

ሐይቁ ዳር ያላችሁ ደግሞ፣ ማታ መብራቱን ተከትሎ የሚመጣው ትንኝ ሌንሱና ሪፍሌክተሩ ላይ ይለጠፋል። በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ቲነር አታስነኩት፤ የፕላስቲክ ሌንስ ይደፈርሳል፣ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ ነኝ። አዲስ ፒቲ100 ገዝተን የፈላ ውሃ ውስጥ ስንነክረው 94 ይላል። ሱቁ ሁለተኛ ሰጠን፤ እሱም 94። ባለሱቁ ሌላ አልሰጥም ብሎ ተቆጣን። አታልሎን ነው?
(ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቁት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ላይ ነው። አዲስ አበባ ብትሄዱ 92 ገደማ ታገኛላችሁ። መጽሐፋችሁ ላይ ያለው 100 የባሕር ዳርቻ ውሃ ነው፣ የጣና ዳርቻ አይደለም። ከፍታ የማይለውጠው መፈተሻ በረዶ ነው፤ የተፈጨ በረዶ በንጹሕ ውሃ በደንብ አማስላችሁ ስትነክሩት 0 ማለት አለበት። ሁለቱንም ለኩ፤ በረዶው ላይ 0፣ ፈላው ላይ 94 ካለ ጤነኛ ነው። በኦም ከሆነ 100 እና 136 ገደማ።

በዚያው የቫኪዩም ጌጅ ስትፈትሹ እንዳትጣሉ። የእኛ አየር 0.8 ባር ገደማ ብቻ ስለሆነ ምን ዓይነት ፓምፕ ብታስሩ ጌጁ ከ0 በታች 1 ባር አይደርስም፤ 0.8 አካባቢ ላይ ያበቃለታል።

ጥያቄ፦ መካከለኛ የምግብ ፋብሪካ አለኝ። አንድ ሻጭ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተበላሸ ሴንሰር አስቀድሞ የሚለይ ሶፍትዌር ሊሸጥልኝ ደጋግሞ ይመላለሳል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ልግዛ?
(ባለ ፋብሪካ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጌታዬ፣ ሶፍትዌሩ ውሸት አይደለም። ሴንሰሮች በደህና ቀን እንዴት ተያይዘው እንደሚንቀሳቀሱ ይማራል፤ አንዱ ከሌሎቹ ሲነጠል ያመለክታል። ይህ በሒሳብ የታወቀ፣ የቆየ መንገድ ነው። ግን የሚማረው ከመዝገብ ነው። የእርስዎ መስመር በየደቂቃው የሚመዘገብ ታሪክ አለው? ስክሪኑ ብቻ ካለና ማታ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ከሆነ ሶፍትዌሩ የሚማርበት ደብተር የለውም። መጀመሪያ መመዝገቢያውን ይግዙ።

መዝገብ ካለዎት ደግሞ ሻጩን እንዲህ ይፈትኑት። አምና ሴንሰር የተበላሸበትን ወር መዝገብ ይስጡት፤ የትኛው ሴንሰር፣ የትኛው ቀን እንደሆነ አይንገሩት። ፈልጎ ያግኝ። በሌላ አገር ፋብሪካ ላይ ያሳየዎትን ስዕል አይቀበሉት።

እስከዚያ ግን ያለዎትን ያሠሩ። ሽቦው ላይ የሚሄደው ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር የሆነው፣ ከ0 ያልጀመረው ለምን ይመስልዎታል? ሽቦ ሲበጠስ 0 ይሆናል፤ ባዶ ታንክ ግን 4 ነው፤ ስለዚህ አይምታቱም። ከ3.6 በታችና ከ21 በላይ ሲሆን «ሴንሰሩ ታሟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ብዙ ካርዶች ውስጥ ተቀምጧል። ማሽኑን የተከለው ሰው ሳያበራው ሄዶ ይሆናል። ያስበሩት፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቀጥሎ የሒሳብ ሚዛን ነው። ወደ ታንኩ በሰዓት 10 ሜትር ኩብ ይገባል፣ በሁለቱ መውጫ 6 እና 3 ይወጣል ካሉ፣ ታንኩ በሰዓት አንድ ሜትር ኩብ መጨመር አለበት። እየቀነሰ ከሆነ ወይ ከአራቱ መለኪያዎች አንዱ ይዋሻል፣ ወይ ውሃው የሚፈስበት ሌላ ቦታ አለ። የትኛው እንደሆነ ሚዛኑ ብቻውን አይነግርዎትም፤ የፓምፑን ሞተር አምፔር የመሰለ ሌላ ምስክር ይጠሩበታል።

ሁለት ሴንሰር ጎን ለጎን ማስቀመጥም ማነጻጸሪያ ከሌለው አያድንም። ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኑ ከሚመጣበት አየር ጋር የሚሠራውን አንግል የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩት። አፍንጫውን ወደ ታች የሚገፋው ሶፍትዌር ግን የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከተነሣ በኋላ የግራው የተሳሳተ ቁጥር መስጠት ጀመረ። 157 ሰው አለቀ። ሁለት ካለዎት ሲለያዩ መስመሩ ይቁም፤ ሦስት ካለዎት መሃለኛውን ይመኑ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ሽመና ክፍል ነው። እያንዳንዱ የድር ክር ላይ ቀጭን የብረት ቅጠል ትንጠለጠል ነበር፤ ክሩ ሲበጠስ ትወድቅና ኤሌክትሪክ አገናኝታ ማሽኑን ታቆማለች። የጥጥ ብናኝ መሃል ከገባ ግን ወድቃም አታገናኝ። ማሽኑ ክር ተበጥሶ ሲሸምን ይውላል፤ የሚታወቀው ጨርቁ ሲወጣ ነው። እዚያ የሚበላሸው ጨርቅ ነበርና ይቻላል። እርስዎ ጋ ሰው እጅ የሚያስገባበት መከለያ፣ የቦይለር ውሃ መጠን፣ የድንገተኛ ማቆሚያ ካለ ግን ስዊቹ ደህና ሲሆን የኤሌክትሪክ ዑደቱ የተዘጋ፣ ሲነካ የሚከፈት መሆኑን ዛሬውኑ ያስፈትሹ። እንደዚያ ከሆነ ሽቦው ቢበጠስም፣ ማሰሪያው ቢላላም መስመሩ ራሱ ይቆማል። በተቃራኒው ታስሮ ካገኙት የሻጩን ሶፍትዌር ትተው ገንዘቡን እዚህ ላይ ያውጡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብረት የሚለይ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰር ቀየርኩ። ብረት ሳስጠጋ የራሱ መብራት ይበራል፣ ፒኤልሲው ግን አያየውም። ተበላሽቶ ነው?
(ጀማሪ ቴክኒሻን፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ዓይነቱ ነው የተሳሳተው ብዬ እወራረዳለሁ። ቡኒው ፖዘቲቭ፣ ሰማያዊው ኔጋቲቭ፣ ጥቁሩ ሲግናል ነው። ጥቁሩን ከፒኤልሲው ንቀልና ብረት አስጠግተህ በጥቁሩና በሰማያዊው መሃል ለካ። 24 ቮልት ገደማ ካገኘህ ፒኤንፒ (ጥቁሩ ላይ ፖዘቲቭ የሚያወጣ) ነው። ያጣኸውን 24 በቡኒና በጥቁር መሃል ካገኘኸው ኤንፒኤን (ጥቁሩ ላይ ኔጋቲቭ የሚያወጣ) ነው። ከዚያ የነቀልከውን የድሮውን ሴንሰር ጽሑፍ አንብብ፤ ዓይነታቸው ካልተመሳሰለ ማሸጊያውን ሳትጥል ወደ ሱቁ ይዘኸው ሂድ። ስትገዛ ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን ርቀቱንም ተናገር። ካርቶኑ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ተብሎ የተጻፈው ለተራ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም ላይ ከግማሹም ያንሳል።